«ጠበቃ ቀረቡ»፦ ሲሞቱስ ማን ይቀርብላቸዋል?

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ሰሞኑን በወሎ አንዲት የወረዳ ከተማ ከአንድ የሙያ ባልደረባችን ቀብር ተመልሼ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከቅርብ የማውቃቸው ሦስተኛው ጠበቃ መሆናቸው ነው። እንደ ተለመደው ከፍትሐቱ በኋላ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት እንደ ተወለዱ፣ የቄስ ትምህርት የት እንደ ጀመሩ፣ መቼ ትዳር እንደ መሠረቱ፣ የስንት ልጆች አባትና የስንት የልጅ ልጆች አያት እንደ ነበሩ ሰማን። ስለ ሙያቸው የተነገረው ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በጥብቅና ሙያ ወገናቸውን በቅንነት አገልግለዋል»። ከዚያ አፈር ለበሱ። እኛም ወደ ድንኳኑ ሄደን ንፍሯችንን ቆንጥረን ተበታተንን።

ዕድሜውን ሙሉ ስለ ሌላ ሰው ሲናገር የኖረ ሰው፣ ስለ እሱ የሚነገረው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን ይከነክናል። ጥፋቱ የቤተሰቡ አይደለም። ጠበቃ የደንበኛውን ምሥጢር እንዲጠብቅ ሕግም ሙያውም ያስገድዱታል፤ ስለዚህ ሚስትም ልጅም የሚያውቁት ነገር የለም። ፍርድ ቤቱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ ማስታወሻ አይዝለትም። የአንድ ውሳኔ ግልባጭ አንሥታችሁ የመጀመሪያውን ገጽ ብታዩ፣ ከዳኞቹና ከተከራካሪዎቹ ስም ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የምታገኙት «ጠበቃ እገሌ ቀረቡ» የሚል ነው። ያ ሰው ስንት ሌሊት እንዳነበበ፣ ክርክሩን ከየት እንዳመጣው፣ ዳኞቹ የተቀበሉት ሐሳብ የማን እንደ ነበረ የሚናገር ቃል ብዙውን ጊዜ አይገኝም። «ቀረቡ» ይላል፤ በቃ።

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ነገር ግን የውዳሴ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጠበቃ ሲሞት አብሮት የሚሞት ነገር አለ፤ የዚያ ነገር ባለቤት ደግሞ ሟቹ ሳይሆን በሕይወት ያለው ደንበኛው፣ ከፍ ሲልም ሕዝቡ ነው። የሦስቱን ባልደረቦቼን ነገር በተራ ላውጋችሁ፤ ስማቸውን ግን ለቤተሰቦቻቸው ስል ትቼዋለሁ።

ጋሼና በኅዳግ ላይ የቀረችው ጽሕፈት

የመጀመሪያው ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት ናቸው። በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ካወጣቸው የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ነበሩ። የዚያ ትውልድ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። የወንጀለኛ መቅጫው ሕግ በ1949፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ በ1952፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በ1954፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። በዐሥር ዓመት ውስጥ አገሪቱ የሕግ መጻሕፍቷን ሁሉ አዲስ አደረገች ማለት ነው። የፍትሐ ብሔሩን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበር፤ ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ይማሩታል፤ ችሎት ሲቆሙ ደግሞ በአማርኛ ይከራከሩበታል። «በላ ልበልሃ» ሲባል ያደገ ባላገር ፊት «ይርጋ» እና «አላባ» ምን ማለት እንደ ሆነ የማስረዳቱ ዕዳ በእነሱ ላይ ወደቀ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ፣ ጋሼ በዩኒቨርሲቲ የተማሩት የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ አብዛኛው እጃቸው ላይ ቀረ። የአንድ የመንግሥት ድርጅት ነገረ ፈጅ ሆነው ደርግን አሳለፉት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ እንደገና ጥቁር ካባቸውን አራግፈው ወጡ። አንድ ሰው በአንድ ዕድሜ በሦስት መንግሥታት ሕግ ተከራክሯል። የዚህ ልምድ ዋጋ በመጽሐፍ አልተጻፈም።

ጋሼ ያረፉት ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት ነው። ዐርባቸው ካለፈ በኋላ አንዲት ሴት ቢሮዬ መጡ። አባታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመሙ ናቸው። አባት ሲሞቱ በሌላ እናት የሚወለዱት ወንድማቸው ሙሉውን ንብረት ለእሱ የሚሰጥ ኑዛዜ ይዞ ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱም አጸደቀለት። ጋሼ ውሳኔውን ተቀብለው «ይግባኝ እንላለን፤ አይዞሽ» ብለዋቸው በሳምንቱ ዐረፉ። ሴትየዋ ሐዘን ቤት ስለ መዝገብ መጠየቅ ነውር መስሏቸው ዐርባው እስኪያልፍ ጠበቁ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ውሳኔው ከተሰጠ 49ኛ ቀን ሆኖታል። የይግባኝ ጊዜው 60 ቀን ነው።

አንባቢ ልብ ይበል፤ ሕጉ እዚህ ላይ ጨካኝ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ቁጥር 326 ጊዜ ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው ማስፈቀድ እንደሚችል ይናገራል፤ ግን የነገረ ፈጁ፣ የጠበቃው ወይም የጠበቃው ጸሐፊ ጉድለት በቂ ምክንያት እንደማይሆን ያክልበታል። እርግጥ ሞት ጉድለት አይደለም። ያም ሆኖ ይህንን ለማስረዳት ራሱን የቻለ ክርክር መክፈት ሊኖርባቸው ነው። ጋሼ ሲሞቱ ደግሞ ውክልናውም አብሮ ተቋርጧል።

ቢሮው ተቆልፏል። አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ሊሰጥ ስለ ፈለገ ቤተሰቡ ወረቀቱን በካርቶን አድርጎ ወደ ቤት ወስዶታል። ሄድኩ። የጋሼ ባለቤት አልጋ ሥር ያለውን እያሳዩኝ «ልጄ፣ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ ፍርድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚል አንድ ቀን ሰምቼ አላውቅም፤ የቱ የማን እንደ ሆነ በምን አውቄ?» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ መሬት ላይ ተቀምጬ ፈለግሁ። በሦስተኛው ካርቶን ውስጥ የውሳኔው ግልባጭ ተገኘ። በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንዲት መስመር ተጽፋለች፤ «ተነበበ ይላልን? ቁ. 881/2»።

ጉዳዩ ሁሉ ያቺ መስመር ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም በዚያው በኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ፈራሽ ነው። የወንድምየው ኑዛዜ አራት ፊርማ አለው፤ «ተነበበ» የሚል ቃል ግን የለውም። እውነቱን ለመናገር እኔ ኑዛዜውን ሁለት ጊዜ አንብቤ ፊርማዎቹን ስቆጥር ነበር። በ58ኛው ቀን ይግባኙን በዚያች መስመር ላይ አቁሜ አስገባሁ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ኑዛዜውን ውድቅ አደረገው፤ ልጆቹ ሁሉ እኩል ወራሾች ሆኑ።

የውሳኔው ግልባጭ እጄ ላይ አለ። «የይግባኝ ባይ ጠበቃ ቀረቡ» ይላል፤ ስሙ የእኔ ነው። የጥብቅና አበሉን ከጋሼ ባለቤት ጋር ተካፈልኩ። በመዝገቡ ላይ ያለውን ስም ግን መካፈል አይቻልም። ይህንን እዚህ የምጽፈው አንዱም ምክንያት እሱ ነው።

ከበሩ ጀርባ የተለጠፈው ዝርዝር

ሁለተኛዋ የክፍል ጓደኛዬ ነበረች። ሥራ ስትጀምር ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ የሚያደርገው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ገና በሥራ ላይ ነበር። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. እስኪወጣ ድረስ በአሮጌው ሕግ ለሴቶች ስትሟገት ቆይታለች። ከዚያም በኋላ ቢሆን ሕግ ተለወጠ ማለት ቀለብ ተከፈለ ማለት አይደለም። ደንበኞቿ የቤት ሠራተኞች፣ ጉሊት ቸርቻሪዎች፣ ልጁን የካደ አባት ያለባቸው እናቶች ነበሩ።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል አዝዟል። ብዙዎቻችን 50ውን ሰዓት ለመሙላት ዓመቱ ሲያልቅ እንሯሯጣለን። እሷ ግን መስከረም ጠብቶ ኅዳር ሳይገባ ጨርሳው ታድራለች። «ቁጠሩልኝ ስል ሌላ ቀጠሮ ያመልጠኛል» ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት በሕመም ዐረፈች። ቢሮዋን ለማስረከብ ከእኅቷ ጋር የገባሁት እኔ ነኝ። ከበሩ ጀርባ በእጅ የተጻፈ ዝርዝር ተለጥፏል፤ የሕፃን ስም፣ የእናት ስልክ፣ የወሩ ቀለብ መጠን፣ ከፊቱ «ከፍሏል» ወይም «አልከፈለም»። ሠላሳ አንድ ስም ቆጠርኩ። የቀለብ ፍርድ አንዴ ከተሰጠ ያበቃለት የሚመስለው ለማያውቀው ነው። አባትየው ሥራ ይለውጣል፤ ደመወዙ የሚቆረጥበት መሥሪያ ቤት ይለወጣል፤ የአፈጻጸም መዝገብ እንደገና ይከፈታል። ሠላሳ አንዱን ልጅ በየወሩ ስታስታውስ የነበረችው እሷ ነበረች።

እኅቷ ስልኳን ሳትዘጋ ስድስት ወር ያህል ይዛ ቆየች። «እኅቴ አርፋለች» ማለት አፌ ላይ ደረቀ አለችኝ። አንዳንዶቹን እናቶች እኔና ሌሎች ሁለት ባልደረቦች ተከፋፈልናቸው። ስልካቸው የማይሠራ አሉ። እነሱ የት እንደ ደረሱ እኔም አላውቅም።

አንባቢዎቼ በ2006 ዓ.ም. የወጣውን «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ሳያስታውሱ አይቀሩም። የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን ገድላ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንዴት እንደ ቆመላት ያሳያል። ፊልም ስለ ተሠራለት ያንን ክርክር እናውቀዋለን። ከበሩ ጀርባ የተለጠፈውን ዝርዝር ግን ፊልም የሚሠራለት የለም።

የከተማው ሁለተኛ መዝገብ ቤት

ሦስተኛው ሰሞኑን የቀበርናቸው የወሎው ባልደረባችን ናቸው። በዚያች ከተማ ለረጅም ጊዜ ከነበሩት ሁለት ጠበቆች አንዱ ነበሩ። ጠዋት ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ከራፖር ጸሐፊዎቹ ጋር ተቀምጠው አቤቱታ ያርማሉ፤ ከዚያ ችሎት ይገባሉ። አንድ የሚሳቅባቸው ጠባይ ነበራቸው። ከማናቸውም ወረቀት፣ የተቃራኒ ወገንም ቢሆን፣ አንድ ቅጂ ሳያስቀሩ አይሄዱም። «ወረቀት በላ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶላቸው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ በየከተማው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፤ ሰነድም ወደመ። የእሳቸውም ከተማ መዝገብ ቤት አልተረፈም። ሰው ሲመለስ ያገኘው የተበታተነ ወረቀትና አመድ ነው። የተፈረደለት ፍርዱን፣ የተካፈለ የድርሻ ስምምነቱን አጣ። በዚያ ጊዜ ወረቀት በላ ሣጥናቸውን ከፈቱ። የሦስት ሳጥን ቅጂ ለስንት ሰው መዝገብ መልሶ ማቋቋሚያ እንደ ሆነ የከተማው ሰው ቀብሩ ላይ በለቅሶ ተናገረው። ሽማግሌዎቹ «መዝገብ ቤታችን ሞተ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ ግን ይህ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ወደ ጎን ወሰደኝ። የቢሮው ኪራይ የተከፈለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ሳጥኖቹን ምን ላድርጋቸው ብሎ ጠየቀኝ።

ቢሮው ለምን አብሮ ይሞታል?

ይህንን ጥያቄ ለልጁ በቀላሉ መመለስ ያቃተኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በእኛ አገር ጥብቅና የአንድ ሰው ሱቅ ሆኖ ነው የኖረው። ቢሮ የሚጋሩ ጠበቆች ነበሩ፤ ኪራይ ይካፈላሉ እንጂ መዝገብ አይካፈሉም። በፌዴራል ደረጃ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ይኸው አዋጅ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ድርጅት ማለት አንዱ አባል ቢሞት መዝገቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው፣ ቀጠሮውን የሚያይ ሌላ ዓይን አለ ማለት ነው። እኔ እንደማየው ግን ዛሬም ብዙው ባልደረባዬ ብቻውን ነው የሚሠራው፤ እኔም ጭምር። በልማድ ያደረ ነገር በአዋጅ ብቻ አይለወጥም።

ሌላም ነገር አለ። ከ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 454 ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ አንድ ጠበቃ ሌሊት አስቦ ያመጣው ክርክር ችሎቱ ከተቀበለው የአገር ሕግ ይሆናል። ውሳኔዎቹ በየቅጹ ታትመዋል፤ እኛም በየቀኑ እንጠቅሳቸዋለን። ክርክሩ መጀመሪያ ከየት እንደ መነጨ፣ ስንት ጊዜ ተሸንፎ በስንተኛው እንደ ተሳካ የሚያውቁት ግን እነዚያው ቢሮዎች ናቸው። እነሱ ሲዘጉ ሕጋችን እናትና አባቱ የማይታወቅ ልጅ ይሆናል።

ከዚህ ዕጣ ያመለጡ አሉ፤ ያመለጡት ግን ራሳቸው ስለ ጻፉ ነው። ባላምባራስ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. «ዝክረ ነገር»ን ባያሳትሙ ኖሮ ስለ ቀድሞው አስተዳደርና ሥርዓት የምናውቀው በእጅጉ ባነሰ ነበር። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ያረፉት የሕግ ባለሙያው አቶ አሰፋ ጫቦም በደርግ እስር ቤት ለዓመታት ማቅቀው፣ በስደትም ቆይተው፣ «የትዝታ ፈለግ»ን ጽፈው አለፉ። ዛሬ ስለ ጋሞና ስለዚያ ዘመን ስናነሣ ቃላቸው ከእኛ ጋር አለ። ሁሉም ጠበቃ ግን ደራሲ ሊሆን አይችልም፤ አይጠበቅበትምም።

ምን ይደረግ?

በእኔ አስተያየት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ሦስት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ብቻውን የሚሠራ ጠበቃ ቢሞት ወይም ቢታመም መዝገቦቹን የሚረከብለትን ባልደረባ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰይም፤ ፈቃዱን ሲያሳድስም ያስመዝግብ። ተረካቢው ደንበኛውን አይወርስም። ሥራው ደንበኞቹን ማሳወቅ፣ ዋና ሰነዶችን ለባለቤታቸው መመለስ፣ የቀረቡ ቀጠሮዎችን ለፍርድ ቤት ማስታወቅ ብቻ ነው። ይህ ቢኖር ኖሮ እነዚያ ሴትዮ 49 ቀን ባልባከነባቸው ነበር።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የሟች አባላቱን የተዘጉ መዝገቦች የሚያይ ትንሽ ኮሚቴ ያቋቁም። እዚህ ላይ «ምሥጢርስ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። መልሱ ግን አሁን ምሥጢሩ ተጠብቋል ወይ የሚል ነው። የአንድ ሰው የፍቺ አቤቱታ አልጋ ሥር በካርቶን፣ ሲብስም ሱቅ ውስጥ የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ከሚገኝ፣ በሙያው መሐላ የታሠረ ሰው ለይቶ የሚመለሰውን ቢመልስ፣ የሚቃጠለውን ቢያቃጥል፣ የሚቆየውን ስም ሰርዞ ቢያቆይ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ በሕይወት ያሉትን አዛውንቶች ቶሎ እንጠይቃቸው። የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ፍለጋ ሲንከራተቱ አያለሁ። አንድ መቅረጸ ድምፅ ይዞ ከአንድ አዛውንት ጠበቃ ጋር ሦስት ከሰዓት መቀመጥ ይበቃል። በአፄው ዘመን ሕግ ተምረው ዛሬም በሕይወት ያሉት እጅግ እያነሱ ነው።

ለባልደረቦቼም አንድ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ቀብር ላይ የሕይወት ታሪኩን ለቤተሰቡ ብቻ አንተውለት። ከእኛ አንዱ ተነሥቶ ምሥጢር ሳያወጣ አንድ ክርክር ይናገር፤ «ይህንን ያሸነፉልን እሳቸው ናቸው» ይበል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የወሎውን ልጅ ሳጥኖቹን እንዳያቃጥል፣ ለማንም እንዳይሰጥም ለምኜው ተመልሻለሁ። ወሩ ሳያልቅ መኪና ይዤ እመለሳለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ። ቢሮዬ ጠባብ ናት፤ ለሦስት ሳጥን ግን ቦታ አላጣም። ለእኔ ሳጥን ቦታ የሚሰጠውን ሰው ስም ደግሞ በዚህ ሳምንት ጽፌ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

የሦስቱንም ነፍስ ይማር። ቸር እንሰንብት።